ተረቱን ታውቁታላችሁ፣ የቀረው እንግሊዝኛው ነው

እንግሊዝኛ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገጥመው ምንባብ የማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው አገር፣ የማያውቀውን ምግብ ሲበላ የሚተርክ ነው። ታሪኩ አዲስ፣ ቦታው አዲስ፣ ቋንቋውም አዲስ። ገጹን ጨርሶ ቀና ሲል ያልገባው የቱ እንደሆነ እንኳ አይለይም። ቃሉ ነው ወይስ ነገሩ?

የሚሻለው ከምታውቁት ታሪክ መጀመር ነው። አህያዋ በመጨረሻ ምን እንደምትሆን ካወቃችሁ ጭንቅላታችሁ የሚደክመው እንግሊዝኛው ላይ ብቻ ነው። የማታውቁት ቃል ሲመጣም «እዚህ ጋ ምን ነበር የሚባለው?» ብላችሁ ትገምታላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜም ታገኙታላችሁ።

ይሄን የምጽፈው ሰሜን ሸዋን እያሰብኩ ነው። 9ኛ ክፍል ገብቶ ትምህርቱ ሁሉ ድንገት በእንግሊዝኛ ለሆነበት ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ከውጭ ባለሙያ ጋር ለሚሠራ ሰው፣ አንኮበር ወይም መንዝ ጓሳ ላይ እንግዳ ለሚያስጎበኝ ልጅ። ፊደሉን የምታነቡ፣ ጥቂት መቶ ቃላት የምታውቁ፣ ግን አፋችሁን ስትከፍቱ ምላሳችሁ የሚታሰር ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው። ጭራሽ ለጀማሪ ትንሽ ይከብዳል።

አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የእንግሊዝኛ ቃላትን በእኛ ፊደል የምጽፈው ንባቡ እንዳይቆራረጥ ነው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ እንዲህ እንዳታደርጉ። ፊደላችን እያንዳንዱ ድምፅ ላይ አናባቢ ስለሚያስቀምጥ «ስትሪት» የሚለውን «እስቲሪት» እያላችሁ ትለምዱታላችሁ፣ ከለመዳችሁት በኋላ ደግሞ ማስተው ከባድ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚተረከውን መምረጥ

ወረቀት አውጡና በአማርኛ ሳትቆሙ ለሁለት ደቂቃ ልትተርኩት የምትችሉትን ሁሉ ጻፉ። መለኪያው ይሄ ብቻ ነው። «ሰምቼዋለሁ» አይበቃም፤ ልጅ አጠገባችሁ ቢቀመጥ ወዲያው «ተረት ተረት» ብላችሁ ልትጀምሩለት የምትችሉት መሆን አለበት።

የእንስሳት ተረቶች ይቅደሙ። አያ ጅቦ፣ እመት ጦጣ፣ አንበሳና አህያ። አያቶቻችሁ የነገሯችሁ፣ ወይም አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለልጆች ሲያወሯቸው የነበሩት ዓይነት። ቃላቸው ጥቂት ነው፣ ድርጊቱ ይደጋገማል፣ ንግግር ይበዛበታል። ለቋንቋ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

ቀጥሎ የሃይማኖት ታሪኮች ይመጣሉ። የጠፋው ልጅ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 አለ፤ ከቅዳሴ በኋላ በስብከት ስንት ጊዜ ሰምታችሁታል። ዮሴፍና ወንድሞቹን ክርስቲያኑ ከኦሪት ዘፍጥረት ያውቀዋል፣ ሙስሊሙ ከቁርአን 12ኛው ሱራ። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ ሆናችሁ ከጎረቤት ጋር አብራችሁ የምትማሩ ከሆነ ከዮሴፍ ታሪክ የሚሻል አላገኘሁም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋልና።

ከዚያ እውነተኛ ታሪክ፦ አበበ ቢቂላ፣ ዓድዋ። ከዚያ ኳስ። ከዚያ ያያችሁት ፊልም። በዚሁ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ይቀላችኋል።

ለጊዜው የሚተው ግን አለ። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች። አውቃለሁ፣ እነሱን የመሰለ አስቂኝ የለም። ችግሩ ቀልዱ ያለው አማርኛው ቃል ውስጥ ነው፤ ሰሙን ስትነጥቁት ወርቁም ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ተርካችሁ ስትጨርሱ ሰሚው ዝም ብሎ ያያችኋል፣ እናንተም ጥፋቱ የእንግሊዝኛችሁ ይመስላችኋል። ቅኔም፣ የመንዝ ቀረርቶም እንደዚያው። ነገሩ በድርጊት የሚሄድ ታሪክ ፈልጉ፣ በቃል ጨዋታ የሚሄደውን ለኋላ አቆዩት።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ በአማርኛ ማሳጠር

ይሄን ደረጃ ሁሉም ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። የመረጣችሁትን ታሪክ በአማርኛ ከ10 በማይበልጡ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፉት። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እኛ በአማርኛ ስንተርክ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ፣ ለሚስቱ ነግሮ፣ ተኛ» እያልን አምስት ድርጊት በአንድ ትንፋሽ እንቀጥላለን፣ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያንን ሰንሰለት ይዛችሁ ወደ እንግሊዝኛ ብትገቡ መሀል ላይ ትሰምጣላችሁ። በአማርኛው «ሄደ። አየ። ተመለሰ። ለሚስቱ ነገራት። ተኛ።» ብላችሁ ከቆራረጣችሁት ግን እንግሊዝኛው በየቁራጩ ይገባል። ሲነበብ ያስቀይማል፣ ግድ የለም። ማንም አያየውም።

ደረጃ 3፦ እንግሊዝኛውን ማግኘት

ስልክና ትንሽ ዳታ ካለ ብዙ ነገር በነጻ አለ። ኤልሳቤጥ ሌርድ የተባለች ደራሲ በተለያዩ የኢትዮጵያ ክልሎች ዞራ የሰበሰበቻቸው ተረቶች ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል፤ ለተማሪ እንዲሆን በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፉና በድምፅ የተነበቡም አሉበት። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የሥዕል ተረቶች በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይገኛሉ። ለመጽሐፍ ቅዱስ «ጉድ ኒውስ» የሚባለውን ትርጉም ፈልጉ፣ ሆን ተብሎ በተራ ቋንቋ የተዘጋጀ ነው። የ1611ዱን «ኪንግ ጄምስ» ለጊዜው እርሱት፤ ውብ ነው፣ ግን በእሱ እንግሊዝኛ ዛሬ ማንም አያወራም። ለእውነተኛ ታሪክ ደግሞ ከተለመደው ዊኪፒዲያ ሌላ «ሲምፕል ኢንግሊሽ» የሚል ቀለል ያለ ዊኪፒዲያ አለ።

ያገኛችሁት ጽሑፍ ይመጥናችሁ እንደሆነ በጣታችሁ ለኩ። አንድ ገጽ ስታነቡ የማታውቁት ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ ጽሑፉ ገና ነው፣ ሌላ ፈልጉ። እዚህ ላይ እልህ አይሠራም።

ካላገኛችሁ ራሳችሁ ሥሩት። በደረጃ 2 ያሳጠራችሁትን 10 ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ የእንግሊዝኛ መምህራችሁ ጋ ሂዱ። ወይም ቻት ጂፒቲን የመሰለ ነገር የምትጠቀሙ ከሆነ «የ5ኛ ክፍል ተማሪ በሚገባው እንግሊዝኛ ጻፍልኝ» በሉት። ተረቱን ስለምታውቁት የራሱን ፈጠራ ሲቀላቅልበት ወዲያው ትነቁበታላችሁ። የምታውቁትን መምረጥ ለዚህም ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ ማንበብ፣ በአህያዋ ተረት

አሁን አንዱን እስከ ታች እንውረድበት። ድርቅ ሆነ፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ፣ «ዝናብ የጠፋው ከመሀላችን ኃጢአት የሠራ ስላለ ነው፣ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳው ላም በላሁ አለ፣ ነብሩ ፍየል፣ ጅቡ ዶሮ። ለሁሉም «ይሄማ ኃጢአት አይደለም» ተባለ። አህያዋ ጌታዋ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ቀንጥባ እንደነበር ስትናገር ግን «አገኘናት! ዝናብ ያጠፋችብን አንቺ ነሽ!» ብለው ተከመሩባት። ይሄን የማያውቅ ማን አለ?

መዝገበ ቃላት ሳትነኩ አንዴ እስከ መጨረሻው አንብቡ። የማታውቁት ቃል ላይ አትቁሙ። ስትጨርሱ ተመለሱና እንዲህ እንዲህ ያሉትን እያያችሁ ሁለተኛ አንብቡ።

መጀመሪያ «ኤ» እና «ዘ»። ተረቱ ሲጀምር «ዋንስ አፖን ኤ ታይም፣ ዜር ዋዝ ኤ ላየን» ይላል። ቀጥሎ ግን «ዘ ላየን ዋዝ ሃንግሪ» ነው። ለምን ተቀየረ? መጀመሪያ ላይ አንበሳውን ሰሚው አያውቀውም፣ «አንድ አንበሳ» ነው። አንዴ ከተዋወቀ በኋላ «አንበሳው» ሆነ። እኛም እኮ «አንድ አንበሳ ነበር» ብለን ጀምረን «አንበሳውም» እያልን ነው የምንቀጥለው። ሰዋስው መጽሐፍ ገጽ ሙሉ የሚያብራራውን ተረቱ በሁለት መስመር ያሳያችኋል። አራቱም እንስሳት ሲገቡ ይሄ አራት ጊዜ ይደገማል፣ በእርሳስ ክበቡት።

ሁለተኛ፣ የአለፈ ጊዜ። ተረት ሁሌም ያለፈ ነው። እዚህ ያሉት ግሶች ጥቂት ናቸው፣ ግን እየተመላለሱ ይመጣሉ፦ «ኤት»፣ «ሰድ»፣ «ኬም»፣ «ዌንት»፣ «ሶው»፣ «ቱክ»። እነዚህ ዘለው የሚቀየሩት ናቸው፣ በሽምደዳ ይገባሉ ቢባልም ከአፍ ቶሎ ይጠፋሉ። አንበሳ «አይ ኤት ኤ ካው» ሲል፣ ነብር «አይ ኤት ኤ ጎት» ሲል፣ ጅብ «አይ ኤት ኤ ቺክን» ሲል፣ አህያዋ «አይ ኤት ሰም ግራስ» ስትል «ኤት» የሚለው ቃል ሳታስቡት ይቀመጣል። ሌሎቹ መጨረሻቸው ላይ «ኢዲ» የሚጨመርባቸው ናቸው፣ እዚያ ጋ ጥንቃቄ። «አስክት» ሲባል ወደ «ት» ያደላል፣ «ኪልድ» ላይ «ድ» ነው፣ «ዌይትድ» ላይ ብቻ ነው ራሱን ችሎ የሚነበበው። ሁሉንም «ኢድ» እያላችሁ «አስክኢድ»፣ «ኪልኢድ» ካላችሁ ሰሚው ይገባዋል፣ ግን ይደክመዋል።

ሦስተኛው የእኛ ልዩ ወጥመድ ነው። በአማርኛ «እመጣለሁ አለ» እንላለን። የሚመጣው እሱ ነው፣ ቃሉ ግን «እመጣለሁ» ነው፣ የተናጋሪውን አፍ እንዳለ ነው የምንወስደው። በእንግሊዝኛ ይሄን ያለ ጥቅስ «ሂ ሰድ አይ ዊል ካም» ብትሉት የምትመጡት እናንተ ናችሁ! እንግሊዝኛው «እሱ እንደሚመጣ ተናገረ» ዓይነት አነጋገር ይፈልጋል፣ ተውላጠ ስሙም ጊዜውም ይቀየራል። ተረት ግን ለዚህ መውጫ ይሰጣችኋል። «ዘ ላየን ሰድ» ብላችሁ ቆም በሉ፣ ከዚያ በራሱ በአንበሳው ድምፅ «አይ ኤት ኤ ካው» በሉ። ንግግሩን በጥቅስ እንዳለ ማቅረብ በሁለቱም ቋንቋ ያስኬዳል። ሌላውን መንገድ ሁለት ሦስት ወር ቆይታችሁ ትመለሱበታላችሁ።

ጾታም አለ። አህያዋ በአማርኛ ሴት ናት። በእንግሊዝኛ ተረት ውስጥ እንስሳ «ሂ» ወይም «ሺ» ሊባል ይችላል፣ «ኢት»ም ያስኬዳል። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ብቻ መሀል ላይ አትቀያይሩ።

አሁን መዝገበ ቃላት አውጡ። ገምታችሁ ያላገኛችኋቸውን ብቻ ፈልጉ። ከአንድ ተረት ከ8 በላይ አዲስ ቃል አትጻፉ፤ 30 ቃል የጻፈ ሰው ሠላሳውንም ይረሳል።

ደረጃ 5፦ ጆሮና አፍ

በድምፅ የተነበበ ካገኛችሁ አውርዱት። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ ይወስዳል። ያ ሁሉ ጊዜ በሾፌሩ ዘፈን ከሚያልቅ ኢርፎን አድርጋችሁ አንዱን ተረት ደጋግሙት። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ቀጥሎ ከአንባቢው ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ሆናችሁ አብራችሁ በሹክሹክታ በሉ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ጸሎት የያዛችሁ ይመስለዋል፣ ምንም አይደል።

እዚህ ላይ ትኩረታችሁ ቃሉ ላይ ሳይሆን የት እንደሚቆም፣ የትኛውን ቃል ጫን እንደሚል ላይ ይሁን። ተረት ነጋሪ በየትኛውም ቋንቋ ጅብ ሲናገር ድምፁን ያወፍራል። እናንተም አወፍሩ። በጅብ ድምፅ ስታወሩ ሀፍረቱ የጅቡ ነው።

ደረጃ 6፦ መተረክ፣ 4-3-2

ዋናው ይሄ ነው። ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ለዚህ ዝግጅት ነው ብትሉ አልከራከርም።

የቋንቋ መምህራን የሚጠቀሙበት የታወቀ መንገድ አለ። አንዱን ታሪክ ለአንድ ሰው በ4 ደቂቃ ትተርካላችሁ። ያንኑ ታሪክ ለሌላ ሰው በ3 ደቂቃ። ከዚያ ለሦስተኛ ሰው በ2 ደቂቃ። ጽሑፍ ማየት የለም። ሰሚው መቀያየር አለበት፣ ለአንድ ሰው ሦስቴ ስትነግሩት ይሰለቸዋል፣ እናንተም ፊቱን አይታችሁ ትሰለቻላችሁ። በመጀመሪያው ዙር «እእእ» እያላችሁ ቃል ስትፈልጉ ጊዜው ያልቃል። በሁለተኛው ቃሉ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። በሦስተኛው ጊዜ ስለሌላችሁ ማፍረጥረጥ ብቻ ነው። ለአጭር ተረት 4 ደቂቃ ከበዛ በ2፣ በ1 ተኩልና በ1 ደቂቃ አድርጉት።

ሰው ከሌለ ስልካችሁ ላይ ቅዱ። ግን የቀዳችሁትን ሦስቱንም አትስሙ፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ አዳምጡ፣ ልዩነቱ ራሱ ያበረታታል።

በመሀል ቃል ቢጠፋባችሁ አማርኛውን ሰክታችሁ ቀጥሉ። «ዘን ዘ ሃይና... ተናዘዘ» ብሎ ማለፍ፣ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያ ከማየት ይሻላል። ሲያልቅ ያንን ቃል ፈልጋችሁ በሚቀጥለው ዙር ታስገቡታላችሁ።

ደረጃ 7፦ ተረቱን ማጣመም

አንዴ በደንብ ከተረካችሁት አበላሹት። አህያዋ ራሷ ትተርከው፤ «ሺ» የነበረው ሁሉ «አይ» ይሆናል። አህያዋ ሳትሞት ብታመልጥስ? አንበሳው ጠበቃ ቢያቆምስ? ጅቡ ሌባነቱን ሲክድ ምን ይላል? እዚህ ጋ ከራሳችሁ መናገር ትጀምራላችሁ። እስካሁን የሰው ዓረፍተ ነገር ነበር የምትደግሙት።

ደረጃ 8፦ ወደ እውነተኛ ታሪክ፣ አበበ ቢቂላ

አራት አምስት ተረት ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ አበበ ሂዱ። የሸዋ ልጅ ነው፣ የተወለደው ከመንዲዳ ብዙም በማትርቀው ጃቶ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ሕፃን ያውቃል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ ከሁለት መስመር ማስታወሻ እስከ ረጅም ጽሑፍ በየደረጃው ታገኛላችሁ። አንዱን ታሪክ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እያሳደጋችሁ ማንበብ የሚቻለው እንዲህ ያለው ላይ ነው።

አዲሱ ነገር ቁጥር ነው። ተረት ውስጥ ዓመተ ምሕረት የለም፣ እዚህ ግን በየመስመሩ አለ። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው በእነሱ ሴፕቴምበር 10፣ 1960 ነው። በእኛ አስሉት፤ ጳጉሜን 5፣ 1952 ዓ.ም.። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! በ1960 እና በ1952 መካከል 8 ዓመት አለ፤ በማግስቱ መስከረም 1 ሲጠባ 1953 ገባ፣ እነሱ ገና 1960 ላይ ናቸው፣ ልዩነቱ 7 ሆነ። ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7 ትደምራላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ይሄን በአበበ ካያችሁት በኋላ የልደታችሁን ቀን ለፈረንጅ ለመንገር አትደናበሩም።

ሰዓቱም እንዲሁ። ሩጫው በሮም ሰዓት 5፡30 «ፒኤም» ላይ ጀመረ፤ በእኛ አቆጣጠር ብታነቡት 11፡30 ነው። የገባበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ግን የቆይታ ጊዜ ስለሆነ አይቀየርም። ሰው እዚህ ላይ ይምታታል፤ የሚቀየረው ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ሲነገር እንጂ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ሲነገር አይደለም።

ከዚያ ቃለ መጠይቅ ተጫወቱ። አንዳችሁ አበበ፣ አንዳችሁ ጋዜጠኛ። የአክሱም ሐውልት ያኔ ሮም ቆሞ ነበር፣ ሩጫውም በአጠገቡ አልፏል፤ ጋዜጠኛው «ሐውልቱን ስታይ ምን ተሰማህ?» ብሎ ይጠይቅ። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ምን እንዳሉት ይጠይቅ። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በሳምንታት ውስጥ እንዴት ደግሞ እንዳሸነፈ ይጠይቅ። መልሱን ከራሳችሁ ፍጠሩ፣ ጥያቄ አጠያየቁ ነው የሚፈለገው። «ዲድ ዩ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግሱ ወደ መነሻው ይመለሳል፦ «ዲድ ዩ ሲ» እንጂ «ዲድ ዩ ሶው» አይባልም። ጥያቄ ሳይጠይቁ ይሄን የለመደ ሰው የለም።

ደረጃ 9፦ ኳስ

ለወጣቱ ከዚህ የበለጠ የጋራ ታሪክ የለም። ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ያያችሁት ጨዋታ እሁድ ጠዋት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ጎሉን ማን እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ዳኛው ምን እንደበደለ ታውቃላችሁ። ግማሹን ቃል ከድሮም ይዛችሁታል፦ ኦፍሳይድ፣ ኮርነር፣ ፔናሊቲ፣ ፋውል። አንብቡት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮሜንታተሩ ጨዋታው እየሄደ ሲናገር በአሁን ጊዜ ነው፦ «ሂ ሹትስ፣ ሂ ስኮርስ!» የእሁዱ ዘገባ ግን ያንኑ ጎል ባለፈ ጊዜ ይጽፈዋል፦ «ሂ ስኮርድ»። ለመለማመድ ደግሞ እንዲህ አድርጉ፤ የጎሉን ቪዲዮ ድምፁን አጥፍታችሁ ክፈቱና ኮሜንታተር ሁኑ። ቀጥሎ ቪዲዮውን ዝጉና ትናንት የሆነውን ለማያውቅ ሰው ንገሩ። በአንድ ጎል ሁለት ጊዜ ተለማመዳችሁ። ስለ ተሸነፈ ቡድናችሁ ስታወሩ ደግሞ እንግሊዝኛው በራሱ ይፈጥናል፣ ንዴት ጥሩ መምህር ነው።

ደረጃ 10፦ ፊልምና ዘፈን

በትርጉም ያያችሁትን ፊልም አንሱ። ያ በአማርኛ ተራኪ የተተረከው፣ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የታየው። ታሪኩን ስለምታውቁት አሁን በእንግሊዝኛ እዩት፣ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ከፍታችሁ። የአማርኛ ሰብታይትል አታድርጉ፤ ዓይን ሁሌም የሚቀለውን ነው የሚያነበው። ሙሉውን ፊልም ሳይሆን ሦስት ደቂቃ የሚሆን አንድ ትዕይንት ምረጡ፣ ደግማችሁ ደጋግማችሁ እዩት፣ በመጨረሻ ሰብታይትሉን አጥፉት። ተራኪው ይጨምራቸው የነበሩት ቀልዶች ዋናው ላይ እንደሌሉ ስታዩ ትገረማላችሁ፣ አንዳንዴ የእሱ ይበልጥ ነበር።

ዘፈን ለጆሮና ለቃል ደህና ነው፣ ለሰዋስው ግን አትመኑት፤ ዘፋኝ ቤት እንዲመታለት ሲል ሰዋስው ይሰብራል። አንድ ለየት ያለ ግን አለ። የቦብ ማርሌይ «ዋር» የሚለው ዘፈን ግጥሙ አብዛኛው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግግር የተወሰደ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ካደረጉት። ደረጃችሁ ከፍ ሲል ዘፈኑንና የንግግሩን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙት። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ ዜማው ግን ይሸከማቸዋል።

ደረጃ 11፦ ሰብሰብ ብሎ መማር

ብቻውን ተምሮ የተናገረ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ከ4 እስከ 6 ሰው በቂ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከመሸ ብርዱ ራሱ ቤት ያስገባል፤ ቡና ይፈላ፣ ጋቢ ይደረብ፣ በሳምንት አንድ ማታ። በየተራ አንድ ሰው ተረት ያመጣል።

የቡድኑ ደንብ አጭር ይሁን። ተራኪው ሲተርክ ማንም አያቋርጥም። ሰሚ ሥራ ይኑረው፣ ያለ ሥራ የሚሰማ ሰው ስልኩን ያወጣል፦ አንዱ ግሶቹን ይቁጠር፣ አንዱ ሁለት ጥያቄ ያዘጋጅ፣ አንዱ በአማርኛ ከሚታወቀው ምን እንደጎደለ ይያዝ። እርማት ከተረኩ በኋላ ነው፣ ለአንድ ሰው በአንድ ማታ አንድ ስህተት ብቻ። ታላቅ ሰው ካለ፣ ለምሳሌ ጋሼ ወይም እትዬ የምትሏቸው ጎረቤት ሊማሩ ከመጡ፣ መጀመሪያ ተረቱን በአማርኛ እሳቸው ይንገሩ፣ ወጣቶቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይመልሱት። እሳቸው ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ማንም እሳቸው ፊት አያፍርም፣ እናንተም ያልሰማችሁትን ተረት ታገኛላችሁ።

ደረጃ 12፦ እንግዳ ፊት

አስጎብኚ ለሆናችሁ፣ ወይም መሆን ለምታስቡ። እንግዳ ስለ ቦታው ይጠይቃችኋል፣ እና የሚጠየቀው ጥቂት ነው። አንኮበር ላይ ከሆናችሁ ዳግማዊ ምኒልክ አንጎለላ እንደተወለዱና አንኮበር መናገሻቸው እንደነበረች፤ ጓሳ ላይ የመንዝ ሰው ሣሩን በደንብ እየጠበቀ እንዴት እንዳቆየው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እንዳለ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋን እንደቆረቆሩ የሚተረከውን። እያንዳንዱን እንደ አህያዋ ተረት በ10 ዓረፍተ ነገር ቁረጡና በ4-3-2 አፋችሁ ላይ አስቀምጡት።

የሚያደናቅፈው ከተረኩ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ኢዝ ኢት ትሩ?» ለዚህ ሁለት አነጋገር ቀድማችሁ ያዙ። የምኒልክ የትውልድ ቦታ የታሪክ ነገር ነው፣ «የስ፣ ኢት ኢዝ ሂስትሪ» በሉ። የብርሃኑን ነገር ግን «ፒፕል ሴይ» ብላችሁ ጀምሩት። ይሄን የሚለይ አስጎብኚ ሲናገር እንግዳው ሌላውንም ያምነዋል፣ ቀጥሎም «ስለ ጅቡስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ የአህያዋን ተረት አውጡለት።